ስንላክ ያደግን

እኛ ባደግንበት ሰፈር ልጅ ሳይላክ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። የሚልከውም የወለደው ብቻ አልነበረም። «ማነሽ አንቺ፣ ሮጥ ብለሽ የስሙኒ ጨው አምጪልኝ» ከተባለች፣ የማን ልጅ ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሳንቲሙን ተቀብላ ትሮጣለች። ስትመለስ «እደጊ፣ ተባረኪ» ትባላለች። ክፍያው ምርቃት ነው። እምቢ ያለች እንደሆነ ግን ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ይገባል።

ዘመኑ የ1960ዎቹ መጨረሻና የ70ዎቹ መጀመሪያ፣ ቦታው ጉለሌ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግቢው የጋራ፣ ውሃው የቦኖ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በካርድ ይታደላል፤ ለዳቦም ለነጭ ጋዝም ሰልፍ ይያዛል። ትልልቆቹ ሥራ ስለሚውሉ ጀሪካኑን ይዞ ሰልፉ ላይ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነበር።

ዛሬ የራሴን ልጆች አድርሼ ከወጣት ወላጆች ጋር ስቀመጥ የሚነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ልጄ በራሱ እንዲተማመን ምን ላድርግ?» አንዷ እንግሊዝኛ ንግግር የሚያለማምዱበት ክፍል አስገብታዋለች፣ ሌላው ቴኳንዶ፣ ሌላዋ ፒያኖ። ሁሉም ደግ ነገር ነው። እኔ ወደ ኋላ ሳስብ የሚታየኝ ግን ሌላ ነው። ለእኛ በራስ መተማመን ትምህርት ሆኖ አልተሰጠንም። ቤቱ ስለፈለገን፣ ፈልጎም ስላመነን፣ ሳናውቀው አብሮን አደገ። ያው ቤት የነፈገን ነገርም አለ፤ እሱም ተድበስብሶ መታለፍ የለበትም። ወላጆቻችን ኃላፊነት ሰጡን፤ የመናገር ዕድል ግን አልሰጡንም። ይህን ትዝታ የምጽፈው የመጀመሪያውን ወስደን ሁለተኛውን እንድንሞላ ብዬ ነው።

ከምንላክባቸው ቦታዎች ሁሉ ትልቁ ወፍጮ ቤት ነበር። ሱቅ ማንም ይላካል። ወፍጮ ቤት የሚላክ ልጅ ግን የቤተሰቡን የሳምንታት እንጀራ ይዞ ነው የሚሄደው። እማዬ ጤፉን አንፍሳና ነፍታ ከረጢት ውስጥ ትጨምርና አፉን በሲባጎ ታስረዋለች። ተሸካሚው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አደራው ግን የእኔ። በር ላይ አቁማ ትነግረኛለች፦ «ከበርበሬ ወይ ከሽሮ ቀጥሎ እንዳታስገቢ፣ ይሸታል። ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ መቆሙን እዪ። ዱቄቱ መውረድ ሲጀምር በጣቶችሽ አሸት አድርጊው፤ ካልላመ ይድገምልኝ በዪ። ሲያልቅም በደንብ ያራግፍልሽ፣ የእኛ ዱቄት ለሌላ ሰው እንዳይቀር።» ከዚያ «በይ ድገሚልኝ» ትላለች። አንዱን ከዘለልኩ ከመጀመሪያው ታስጀምረኛለች።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው። የሞተሩ ቺንጋ ያፏጫል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ፈጪው እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሷል። አንድ ቀን ተራዬ ሊደርስ ሲል በርበሬ የያዙ ሴትዮ «የእኔ ትንሽ ናት፣ ቶሎ ላስጨርስ» ብለው ከፊቴ ገቡ። ልቤ መምታት ጀመረ። ሴትዮዋ የእናቴ እኩያ ናቸው፤ በትልቅ ሰው ላይ አፍ መክፈት ደግሞ ነውር ነው። በሌላ በኩል አደራው አለ፤ እንጀራው በርበሬ በርበሬ ቢል ምን ልመልስ ነው? «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማዬ ከበርበሬ ቀጥሎ እንዳታስፈጪ ብላኛለች፤ የእኔ ይቅደም» አልኩ፣ ከሞተሩ በላይ እየጮኽኩ። ፈጪው እኔን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ የእኛን ከረጢት አንሥቶ ገለበጠው። ሴትዮዋም አልተቆጡም። «የማን ልጅ ናት ይቺ?» ብለው ሳቁ።

ቤት ስንገባ እማዬ ሲባጎውን ፈትታ እጇን እስከ ክንዷ ከረጢቱ ውስጥ አስገባች። ዱቄቱ ገና አልበረደም። ቆንጠር አድርጋ አወጣች፣ አሸችው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። «ልሟል» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ስሄድ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር።

ያን ጊዜ የተደረገልኝን ዛሬ ሳስበው ምሥጢር የለውም። ሥራው የምር ሥራ ነበር፤ ቢበላሽ መላው ቤተሰብ ይቀምሰዋል። አሠራሩ ቁርጥ ባለ ቃል ተነግሮኛል፤ መረዳቴም ተረጋግጧል። ከኋላዬ ሆኖ የሚከታተል፣ «ቆይ እኔ ልሥራልሽ» የሚል ሰው አልነበረም። ስመለስ ደግሞ ውጤቱ ታይቶ ፍርድ አገኘ። ዛሬም ለልጅ ሥራ ስንሰጥ በዚሁ ቅደም ተከተል ብንሄድ ያዋጣል። የሦስት ዓመት ልጅ ጫማውን ከቦታው ያኖራል፣ የወደቀ እህል ይለቅማል። የአምስት ዓመቱ ማዕድ ሲቀርብ ውሃና ብርጭቆ ያመጣል። ሰባትና ስምንት የሞላው አልጋውን ያነጥፋል፣ ቦርሳውን ማታ ያዘጋጃል። ከአሥር በላይ የሆነው ሽንኩርት ይከትፋል፣ ካልሲውን ያጥባል፣ የገበያ ዝርዝር ጽፎ ሒሳቡን ይደምራል። ሲጨርስ በደፈናው «ጎበዝ» ብሎ ማለፍ ብዙም አይጠቅመውም። «ትልልቆቹን ሳህኖች ከታች ስላደረግክ አልወደቁም» ሲባል ግን ምን እንዳሳካ ያውቃል፤ ነገም ይደግመዋል።

ሌላው የልጅነታችን ሥራ ሰው መጥራት ነበር። ቡና ከተቆላ በኋላ እማዬ «ሂጂ ጥሪያቸው» ትለኛለች። በየደጁ ቆሜ «እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች» እላለሁ። መልሱ ግን ከቤት ቤት ይለያያል። አንዷ «ሕፃን ይዤ ነው፣ ለቶናው እደርሳለሁ በያት» ይላሉ። ሌላዋ «ማን ማን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከጎረቤት ተኳርፈዋልና ማን እንዳለ ሳያውቁ አይመጡም። ይህን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ማድረስ አለብኝ። ያኮረፉትን ሰው ስም እንግዳ ፊት ጮክ ብሎ ማንሣት እንደማይገባም ማንም ሳይነግረኝ ከእማዬ ዓይን ተማርኩ።

እንግዳ ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ ማንቆርቆሪያና መታጠቢያ ይዞ የሚዞረው ልጅ ነው። ከትልቅ ሰው ይጀምራል፣ ውሃውን ቀስ አድርጎ ያወርዳል፣ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣል ያደርጋል። በዚያ መሀል «ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?»፣ «አባትሽ ደህና ናቸው?» ይባላል፤ እጁ ሥራ የያዘ ልጅ ደግሞ ሳይጨነቅ ይመልሳል። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ልጁ መኝታ ቤት ይገባና «ና ውጣ፣ ሰላም በላቸው» እየተባለ ይጎተታል። ምንም ሥራ ሳይሰጠው ሰው መሀል የቆመ ልጅ ቢያፍር አይፈረድበትም። በር የሚከፍተው እሱ ይሁን፤ ቆሎውን እሱ ያቅርብ፤ የእንግዳውን ካፖርት ተቀብሎ እሱ ይስቀል። ንግግሩ ከሥራው ተከትሎ ይመጣል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደ ሠራኝ ትዝታ ልምጣ። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ሽልማት ያስገኘ ነበር፤ ለእኔ ግን ዘመቻው ማለት ደብተር የያዘች እማዬ ናት። የቤት ሥራዋን ጨርሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ወደ ቀበሌው ትሄዳለች። ስትመለስ የተሰጣትን የቤት ሥራ ኩራዙ አጠገብ ዘርግታ ትቀመጣለች። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ማንበብ ችያለሁ። «ነይ እስቲ» ትለኛለች፣ «ይቺ እግሯ የተሰበረችው ማናት?» እነግራታለሁ። «ይቺስ፣ ቀለበት ያላት?» እነግራታለሁ። አንድ ቀን ስትሳሳት ሳቅኩ። አባቴ ከአልጋው ጠርዝ ሆነው «አስተማሪ በተማሪው አይስቅም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አስተማሪ መሆኔን በቁም ነገር ያዝኩት።

እማዬ ለማንኛውም ወረቀት የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነበር። ፈተናውን አልፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀበሌው መዝገብ ላይ ስሟን በብዕር ስትጽፍ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ፊደሎቹ እንደ ጥቅምት እሸት ተዘናፍለው ከመስመሩ ወጥተው ነበር። ጸሐፊው «ማን አስተማረሽ?» ሲላት «ልጄ» አለች፤ ወደ እኔ እንኳ አላየችም፣ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። ከዚያ በኋላ ብዙ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። አንዳቸውም የዚያን ያህል አላኮሩኝም።

ከዚህ የማወጣው ምክር አጭር ነው። ወላጅ የማያውቀውን ነገር ልጁን ቢጠይቅ ክብሩ አይቀንስም። በዛሬው ቤት አጋጣሚው ሞልቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር በየቤቱ ስንቱን እናትና አባት አጠቃቀሙን ያስተማሩት ልጆች ናቸው። ብዙዎቻችን ግን ስልኩን ወርወር አድርገን «እስቲ ይሄን አስተካክልልኝ» እንላለን፤ ልጁ ይነካካና ይመልሰዋል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በዚያ ፈንታ «ቀስ ብለህ አሳየኝ፣ ራሴ ልሞክረው» ብንለው፣ ማስረዳትን ይማራል፣ ትዕግሥትን ይማራል፣ እኛም ስንሳሳት ያየናል። እናቱ ሳታፍር ስትሳሳት ያየ ልጅ የራሱን ስሕተት ቶሎ አይደብቅም።

እስከዚህ ያነሣሁት የልጅነታችንን መልካም ገጽ ነው። ሌላው ገጽ ዝምታው ነው። ትልልቆች ሲያወሩ ልጅ ከተገኘ «ውጪ ተጫወቱ» ይባላል። ጥያቄ ካበዛ «ምላሰ ረጅም» የሚል ስም ይወጣለታል። የዝምታው አንዱ ምንጭ የቆየ ልማድ ነው፤ ሌላውን ግን ዘመኑ ነው ያመጣው። በ1969 እና በ70 ቀይ ሽብር ከተማውን ሲያምስ፣ ከልጅ አፍ ያመለጠች አንዲት ቃል የታላቅ ወንድምን ሕይወት ልታስጠፋ ትችል ነበር። ስለዚህ «የቤት ነገር ውጪ አይወራም» እየተባልን አደግን። ወላጆቻችን ያደረጉት ሊያተርፉን ነው። ሽብሩ ካለፈ በኋላ ግን ዝምታው ቤታችን ውስጥ ቀረ።

ያ ዝምታ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ያወቅኩት ትምህርት ቤት ነው። ጣቶቻችንን ሰብስበን እንድናቀርብ እያደረገ ጫፋቸውን በማስመሪያ የሚመታ አስተማሪ ነበረን። የቤት ሥራ ላልሠራም፣ ለሳቀም፣ ዘግይቶ ለመጣም ቅጣቱ ያው ነው። ማናችንም ቤታችን አልተናገርንም። ብንናገር የሚጠብቀን ጥያቄ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ነው፤ ከጥያቄው ቀጥሎ ሁለተኛው ቅጣት ይመጣል። ልጅ እንዲህ ተብሎ ካደገ፣ ከማስመሪያ የከፋ ነገር የሚያደርስበት ሰው ቢመጣስ ለማን ይናገራል? ልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃት ብዙ ጊዜ ከሚያውቁት ሰው ነው የሚመጣው፤ አጥቂውም በአብዛኛው የሚተማመነው በዚያ ዝምታ ነው።

ስለዚህ ልጅ ክፉ ነገር ሊነግረን ሲመጣ ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ትልቅ ጉዳይ ነው። «ደግ አደረግሽ የነገርሽኝ» ይቅደም፤ ምርመራው ይደርሳል። የሰውነት ክፍሎቹን በስማቸው ይወቃቸው። ደስ የማይለውን ንክኪ፣ ዘመድም ቢሆን፣ እምቢ ማለት እንደሚችል ይነገረው። «ለእናትህ እንዳትነግር» የሚል ሰው ካጋጠመው ያንኑ ዕለት መናገር እንዳለበት ይማር። በየዕለቱ ማታ «ዛሬ ምን አጋጠመህ?» ብሎ ለጥቂት ደቂቃ ስልክ አስቀምጦ መስማት ደግሞ በር ይከፍታል፤ ስለ ብይና ስለ ኳስ ሲያወራ ያልተሰማ ልጅ ከባዱን ነገር ይዞ አይመጣም።

በዚያ ዘመን ልጅን ቁም ነገር ብሎ የሚሰማ ትልቅ ሰው ያየነው በቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥን ያላቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ወለሉ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን አባባ ተስፋዬን እናያለን። ተስፋዬ ሣህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተከፈተበት ከ1957 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አውርተዋል፤ ያረፉት በሐምሌ 2009 ነው። ተረቶቻቸውን ሁሉም ያስታውሳል። እኔን ይበልጥ ያስገርመኝ የነበረው ግን ስቱዲዮ የመጡትን ልጆች ሲያናግሩ ነው። አንዱ ልጅ ቀልድ ሊናገር ይጀምርና ይጠፋበታል። አባባ ተስፋዬ አያቋርጡትም፣ አይጨርሱለትም፤ ይጠብቁታል። አንድ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ድረስ ትልቅ ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቅ ማየት ለእኛ አዲስ ነገር ነበር። ዛሬም ወላጅ ከእሳቸው ሊወስድ የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ወጪ የለውም፣ ሥልጠናም አይጠይቅም።

ቅጣትን በተመለከተ ሰፈራችን ብዙ መንገድ ነበረው፤ ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ ልምጭ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በርበሬ ማጠን። ከእናቱ መቀነት ገንዘብ የወሰደ አንድ የሰፈር ልጅ ሲታጠን የሳሉ ድምፅ በግቢው ሁሉ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ልጁ መውሰዱን አልተወም፤ መደበቂያውን ብቻ ነው ያሻሻለው። ዱላ ፍርሃትን ያስተምራል፤ ፍርሃት ደግሞ ወላጁ ዞር እስኪል ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያዎች ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ ማስመሪያው ያረፈባት የእኔ ትውልድ «ዘገየ» ብላ ነው ያነበበችው።

ቅጣት ባይኖርስ? ይህን ለሚጠይቅ የአባቴን ፍርድ እነግረዋለሁ። ወንድሜ ከሱቅ መልስ ይዞ ሲመጣ ብይ ጨዋታ ላይ ቆመ፤ ገንዘቡ ጠፋ። እማዬ ልምጭ ልታነሣ ስትል አባቴ «ተይው» አሏት። ልጁን ጠርተው የሆነውን አስነገሩት፣ ሳያቋርጡ ሰሙት። ከዚያ «ቦኖ ወርደህ ውሃ ትቀዳለህ፤ ለቀጂው የምንከፍለው ገንዘብ የጠፋውን እስኪሞላ ድረስ ሥራው ያንተ ነው» አሉት። ወንድሜ ቀዳ። ሲሞላም አባቴ እዚያው ሱቅ መልሰው ላኩት፣ ብሩን በእጁ ሰጥተው። ከውሃው ይልቅ ያ ሁለተኛ መላክ ነው የከበደውም ያስተማረውም። ጥፋትን ከጥፋቱ ጋር በተያያዘ ሥራ ማስካስ፣ ካሳው ሲያልቅም ጉዳዩን ዘግቶ ልጁን እንደገና ማመን፤ ይህን ያህል ቀላል ነው፣ ይህንኑ ያህልም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስለ ጤና ሳወራ ትዝታውን ማሳመር አልፈልግም። ጥሩው ነገር ሩጫው ነበር። ትምህርት ቤት በእግር፣ ከሰዓት በኋላ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የጨርቅ ኳስ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ገንፎ ወይ ሽሮ ፍትፍት፣ ከዚያ እንቅልፍ። ከአንድ ትሪ ስለምንበላም «ከፊት ለፊትህ ብላ» የሚለው ሥርዓት ለሌላው ማሰብን አስለመደን። መጥፎው ደግሞ ብዙ ነው። ኩፍኝ ሰፈር ውስጥ ሲገባ ልጅ ሳይወስድ የሚወጣበት ጊዜ አልነበረም። መደበኛው የክትባት ፕሮግራም አገራችን ውስጥ የተጀመረው በ1972 ነው። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት እንደ ሕክምና ይታዩ ነበር። አያቴ የታናሽ ወንድሜን እንጥል ልታስቆርጥ ቆርጣ ስትነሣ፣ እማዬ ስለ ጤና ከምታነብባት መጽሐፏ ተነሥታ «አይሆንም፣ ደም ሊፈስሰው ይችላል» አለች። አማቷን እምቢ ስትል ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ማንበብ ለእናት ምን እንደሚሰጣት ለማወቅ ከዚያ ወዲያ ሌላ አስተማሪ አላስፈለገኝም።

ያን ጊዜ የምላክበት ጨው እንኳ አዮዲን አልነበረውም። አዮዲን የሌለው ጨው እንቅርት ከማምጣቱ በላይ የሕፃኑን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ደንብ የወጣው በ2003 ነው። ስለዚህ የዛሬ ወላጅ ብዙ ነገር ተመቻችቶለታል፣ ይጠቀምበት። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ። ክትባት በየቀጠሮው፤ የኩፍኙ በዘጠነኛው ወር ከተሰጠ በኋላ በ15ኛው ወር ሁለተኛው እንዳለ ብዙ እናቶች ይዘነጋሉ። ጨው ሲገዙ አዮዲን ያለው መሆኑን ማየት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ከአምስት እስከ 17 ዓመት ያሉት ደግሞ በቀን ቢያንስ በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። እኛ ያንን 60 ደቂቃ የምንጨርሰው ገና ከቁርስ በፊት፣ ቦኖ ወርደን ስንመለስ ነበር።

ገንዘብ መያዝንም የተማርነው ከጨዋታ ነው። ለዕንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ስንል ገንዘብ ያዥ እንመርጣለን፤ የምትመረጠው ድምፀ መልካሟ ሳትሆን ሒሳብ የምትችለውና የማትበላው ናት። በመጨረሻ አንዱ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን እንካፈላለን። ጠብ ይነሣል፤ ከበሮ የመታችው ይበልጣል፣ ቀርታ የተቀላቀለችው ያንሳል። ትልቅ ሰው መሀል ቢገባ ነገሩ ወዲያው ያልቅ ነበር፤ ማንም ግን አልገባም። ተጨቃጭቀን፣ ተኳርፈን፣ ተስማምተን ተነሣን። ዛሬ ሁለት ልጆች ሲጣሉ ወላጅ ሮጦ ዳኛ ይሆናል። ደም እስካልፈሰሰና ትልቁ ትንሹን እስካልጨቆነ ድረስ ትንሽ መታገስ ይሻላል። ለልጅ በየሳምንቱ ትንሽ ገንዘብ ሰጥቶ ከፊሉን እንዲያስቀምጥ፣ ከፊሉን እንዲሰጥ፣ የቀረውን እንደወደደ እንዲያወጣ መተውም ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ረቡዕ ላይ ካለቀበት እስከ እሑድ ይጠብቅ።

«ያኔ ሌላ፣ ዛሬ ሌላ» የሚሉኝ ወላጆች እውነት አላቸው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ በመኪና በተጨናነቀ መንገድ ብቻውን ሱቅ ይላክ ብል እብድ ያስብለኛል። ጎረቤቱን የማያውቅ ሰፈር ልጅን አይጠብቅም። የሠራተኛዋ፣ የትምህርት ቤት ሰርቪሱና የአስጠኚው ነገር ግን በአደጋ አይመካኝም። የአሥር ዓመት ልጅ ጫማውን ሠራተኛ እያሰረችለት፣ የቤት ሥራውን አስጠኚ እየሠራለት፣ እራቱ ክፍሉ ድረስ እየገባለት ያድጋል። እናትና አባቱ ያዳምጡታል፣ ያማክሩታል፣ ምን እንደሚበላ ይጠይቁታል። እኛ ያላገኘነውን ሁሉ አግኝቷል፤ ቤቱ ግን አንድም ቀን እሱን ፈልጎ አያውቅም። ለዚህ ልጅ የመላኪያው መንገድ ብቻ ይቀየር። ሦስተኛ ፎቅ ላሉት አሮጊት ዳቦ ያድርስ። ቅዳሜ ገበያ አብሮ ሄዶ የቲማቲሙን ዋጋ እሱ ይጠይቅ፣ እሱ ይከራከር፣ መልሱን እሱ ይቁጠር። ክፍለ ሀገር ላለችው አያቱ እሱ ይደውል፣ የነገረችውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ያምጣ። በሳምንት አንድ ቀን እራቱን ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር እሱ ይሥራ፤ ወንድ ልጅም ቢሆን፣ በተለይ ወንድ ልጅ ከሆነ።

ይህን ስል የሚመጣብኝ መልስ ሁልጊዜ ያው ተረት ነው፦ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። እውነት ነው፣ አይበቃም። ያጠበው ሳህን ሳሙና ይቀርበታል፣ የከተፈው ሽንኩርት ግማሹ ወለል ላይ ነው፣ እኛ ብንሠራው በሩብ ሰዓት የሚያልቀው ሰዓት ይፈጃል። ደክሞት ከሥራ ለገባ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚያን ዕለት ራት የሚሆነውን ሌላ ሰው ያቡካ። ነገር ግን የዛሬ አሥር ዓመት ከቤት ወጥቶ ለራሱ የሚያበስለው፣ ለእንግዳው የሚያቀርበው፣ እኛ ስናረጅም የሚያጎርሰን ዛሬ ያቦካው ልጅ ነው። ጥቂት ዱቄት ይባክን።